የአክስቴ ቴሌግራም በሰው እጅ ገብቷል፣ ላፕቶፑም ቫይረስ ይዞታል፤ ከየቱ ልጀምር?

የጠባሴው (ማክሰኞ ማታ 1፡40)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከአንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው ቴሌግራም «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ይስጡልኝ» የሚል ሊንክ መጣላቸው። ከፈቱት። መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፣ ቀጥሎ በቴሌግራም የመጣላቸውን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ጠየቀ፤ ሁለቱንም ሞሉ። ከሰዓት በኋላ በእሳቸው ስም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «አስቸኳይ ነገር ገጥሞኝ ነው፣ 6000 ብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ይሄድ ጀመር። ሸዋ ሮቢት ያለው የአጎቴ ልጅ ከመላኩ በፊት ድምፃቸውን ልስማ ብሎ ባይደውል ኖሮ እስካሁንም አናውቅም ነበር። የሚገርመው ስልካቸው ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ይከፈታል።

ሁለተኛው ላፕቶፑ ነው። ዊንዶውስ 10 ነው፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 3፣ 4 ጂቢ ራም፤ በጣምም ይዘገያል። በቅርቡ ፎቶ ሊያሳትሙ ፍላሻቸውን ይዘው ሄደው ከተመለሱ ወዲህ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ሲጫኗቸውም አይከፈቱም። የባለቤታቸው የተዝካር ቪዲዮ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ጎረቤት «ፎርማት አድርገው ይገላገሉ» ብሏቸው እያለቀሱ ደወሉልኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እስከዚያ ምን ይደረግ?

ጠጋኝ ዘደብረ ብርሃን (ማክሰኞ ማታ 1፡52)
ለቴሌግራሙ ቅዳሜን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ደውልላቸው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቀድመው የነበሩትን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ሌባው የገባው ዛሬ ጠዋት ከሆነ እስከ ነገ ጠዋት አክስትህ እሱን ማስወጣት ይችላሉ፣ እሱ ግን እሳቸውን አይችልም። እስካሁን የሚከፈትላቸው ለዚህ ነው።

በስልክ እየመራሃቸው ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ይግቡ። ከላይ የራሳቸው ስልክ ስም ይታያል። ከሥሩ ሌላ መሣሪያ ካለ በቀይ የተጻፈውን «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይጫኑ። ከመጫናቸው በፊት ግን ገጹን ስክሪንሾት ያንሱት። ይሄ እንዳለቀ፣ አንተም ስልኩን ሳትዘጋ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ላይ የይለፍ ቃል ያውጡ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ብቻ ለማንም በር አይከፍትም።

ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አውጥቶበት ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። እሱን አስወጥታችሁ የይለፍ ቃሉን መልሶ ማውጣት ጠይቁ፤ 7 ቀን ያስጠብቃል። በእነዚያ ቀናት ከስልካቸው ሎግ አውት እንዳይሉ አደራ። ከወጡ መልሶ የሚጠይቃቸው ሌባው ያወጣውን የይለፍ ቃል ነው።

ለዘመድ ደግሞ በመደወል አስታውቁ። ሰውየው ውስጥ እያለ በቴሌግራም የምትጽፉትን ያጠፋዋል።

የጠባሴው (ማክሰኞ ማታ 3፡05)
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለት የማናውቃቸው መሣሪያዎች ነበሩ፣ አንዱ ኮምፒውተር ነው። ሁለቱም ወጥተዋል። የይለፍ ቃል አልተቀየረም ነበር፣ አሁን አወጣን። መጨረሻ ላይ መልሶ ማግኛ ኢሜይል ሲጠይቅ ቆምን። ጂሜይላቸውን ስጠይቃቸው «ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው ያወጣልኝ፣ እኔ አላውቀውም» አሉኝ። ዝም ብዬ ልለፈው?

የዓለም ከተማዋ (ማክሰኞ ማታ 3፡30)
አትለፈው ወንድሜ። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እኔ መርሐ ቤቴ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት አለኝ። ወጣቶች ለሥራ ሊያመለክቱ፣ እናቶች ውጭ ያለ ልጅ የላከላቸውን ፎቶ ሊያሳትሙ ይመጣሉ። «ጂሜይልዎ ማን ነው?» ስላቸው የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። ስልክ ሲገዛ ፕሌይ ስቶር እንዲሠራ ጂሜይል ይጠይቃል፤ ሻጩ እዚያው ቆሞ ያወጣዋል። የይለፍ ቃሉ እሱ የመረጠው ነው፣ አንዳንዴ ለደንበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መልሶ ማግኛ ስልክ ሲጠይቀውም የራሱን ቁጥር ያስገባል። አብዛኛው በክፋት አያደርገውም፣ ሥራውን ለማፍጠን ነው። ነገር ግን አዲስ በር አሠርቶ ቁልፉን አናጢው ዘንድ እንደመተው ነው። ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ የእሱ ስልክ ሊሰረቅ፣ የእሱ ደብተር ሊጠፋ ይችላል።

የአክስትህ ፎቶ፣ የስልክ ዝርዝራቸው፣ አሁን ልታስገባው ያለው የቴሌግራም መልሶ ማግኛ፣ ሁሉም በዚያ ጂሜይል በኩል ነው የሚያልፈው። ጂሜይሉን የያዘ ሰው የቀረውን አንድ በአንድ ማስከፈት ይችላል። ስለዚህ የማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ ለቴሌግራሙ እንዳትሰጠው። የእናቴም ጉዳይ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምለፈልፈው፤ የእሷን ያስተካከልነው አምና ነው።

ጠጋኝ ዘደብረ ብርሃን (ረቡዕ ጠዋት 2፡10)
እህቴ ያለችው ልክ ነው። እንዴት እንደሚታይ ልጨምር። ስልካቸው ላይ ሴቲንግ፣ ጎግል፣ ከዚያ ማኔጅ አካውንት ግቡና ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ መልሶ ማግኛ ስልክና መልሶ ማግኛ ኢሜይል ተጽፎ ይገኛል። የማያውቁት ቁጥር ካለ አውጡት፣ የራሳቸውን አስገቡ። ከዚያ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ተመልከቱ። የሻጩ ስልክ እስከዛሬ እዚያ ተዘርዝሮ ያየሁባቸው ደንበኞች አሉኝ። የይለፍ ቃሉን መቀየርም የግድ ነው። አሮጌውን ባያውቁት ፎርጎት ሲሉት ብዙ ጊዜ በዚያው ስልክ የስክሪን መክፈቻ ያረጋግጥላቸዋል። አልሆነም ካለ አዲስ ጂሜይል አውጡና ፎቶውንና የስልክ ዝርዝሩን ወደዚያ አሻግሩ።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ጎግል ቱ ስቴፕ ሲበራ 10 መጠባበቂያ ኮድ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ 8 አሃዝ ነው፣ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ገልብጣችሁ ከቤቱ ካርታና ከጡረታ ደብተሩ ጋር አስቀምጡት። ስልኩ የጠፋ ዕለት መግቢያ ይሆናችኋል። «በወረቀት መጻፍ አደገኛ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ያለው ሌባ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፣ የአክስታችንን ሣጥን አይከፍትም።

አሮጌውን ጂሜይል ብትተዉት ደግሞ 2 ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ጎግል ከነፎቶው ሊሰርዘው እንደሚችል አትርሱ።

ኤፍራታ (ረቡዕ ጠዋት 3፡00)
ሲም ካርዱንም አትርሱት። ወንድሜ ዐረብ አገር ሲሄድ ሲሙን ቤት ጥሎት ሄደ። ሳይሞላና ሳይደወልበት ቆይቶ ቁጥሩ ተዘጋና ለሌላ ሰው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲያወርድ የወንድሜ ስም፣ ፎቶና የዕቁብ ግሩፕ ሳይቀር ተከፈተለት። ደግ ሰው ስለነበረ ደውሎ ነገረን። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ከመሄዱ በፊት ቴሌግራም ውስጥ «ቼንጅ ነምበር» ብሎ ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛውር። ቱ ስቴፑ ተበርቶ ቢሆን ኖሮም አዲሱ ሰው ቻቱን ማየት አይችልም ነበር።

ደነባ (ረቡዕ ከሰዓት 8፡15)
ገንዘብ እንዲላክ የተሰጠውን ስልክ ቁጥርና የባለቤቱን ስም የያዘውን መልእክት ዘመዶቻችሁ እንዳያጠፉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ሥርዓት መግባትንም፣ በኮምፒውተር ማጭበርበርንም ወንጀል ያደርጋል። ማንም ባይልክም ሙከራው ራሱ ያስጠይቃል። የምትመዘግቡት ማመልከቻ ውስጥ ሰዓቱ፣ ቁጥሩና ስክሪንሾቱ ይኑር። ፖሊስ ዘንድ «ተጠልፌአለሁ» ብቻ ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ አይራመድም።

ቀወት (ረቡዕ ማታ 2፡00)
እኔ ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። ሸዋ ሮቢት ነው የምጠግነው፣ ይሄን የሾርትከት ቫይረስ በየጊዜው አየዋለሁ።

እባክህ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው። ፋይሎቹ በአብዛኛው አልጠፉም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ይተካል፤ ሰው ሾርትከቱን ሲጫን ፎልደሩም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። የእናንተው አይከፈትም ካልክ ምናልባት ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) የቫይረሱን ግማሽ ቆርጦት ሾርትከቱ ባዶ ቀርቶ ይሆናል። እንግዲህ ቅዳሜ ስትደርስ ሾርትከቶቹን አንዱንም እንዳትነካ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምረጥ። ካልታየህ ኦፕሽንስ ገብተህ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት አንሣ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ሰብስቦ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ ስሙ ባዶ የሆነ ነገር ስታይ ቆሻሻ ነው ብለህ እንዳታጠፋው፣ ተዝካሩ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ፎቶውን፣ ቪዲዮውንና ዶክመንቱን ብቻ ወደ ሌላ ንጹሕ ዲስክ ቅዳ። ሾርትከትና አፕሊኬሽን የሆነ ነገር አብረህ አታምጣ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሣ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈትሻል፣ ስለዚህ ቫይረሱ መደበቂያ አያገኝም። ፍላሹን ፎርማት የምታደርገው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቪዲዮው ከአዲሱ ቦታ መጫወቱን እስከ መጨረሻው አይተህ ካረጋገጥክ ነው።

ወደፊት ፎቶ ቤት የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው ይሁን፣ የሚታተሙት ፎቶዎች ብቻ ይኑሩበት። ወይም በቴሌግራም «አዝ ፋይል» ብለው ይላኩላቸው፣ ጥራቱም አይቀንስም።

ሬማ (ረቡዕ ማታ 2፡25)
ዲፌንደር ደካማ ነው። ሙሉ አንቲቫይረስ ከነክራኩ (ሳይከፈል የሚያስከፍተው)፣ ኦፊስም ከነአክቲቬተሩ የሚገኝበት ቻናል አለኝ። ሊንኩን ልላክልህ?

ቀወት (ረቡዕ ማታ 2፡50)
ወንድሜ ሬማ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ። ግን ይሄንን ምክር ማንም እንዳይከተለው እለምናለሁ። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ነው። ካጠፋችሁለት በኋላ የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን አያዘገየውም፣ ምንም ምልክት አያሳይም። ብሮውዘሩ ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃልና ክፍት የሆኑ አካውንቶችን መግቢያ ሰብስቦ ልኮ ይጨርሳል። የቴሌግራም ዴስክቶፕ መግቢያ ቁልፍ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ባለ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ያንን ፎልደር የገለበጠ ሰው ኮድም ሳይጠየቅ፣ ቱ ስቴፕም ሳይጠየቅ ይገባል፣ ምክንያቱም አካውንቱ ቀድሞውኑ የተከፈተ ነው። ከላይ ጋሼ ያስተማሩት ሁሉ በዚህ በኩል ይታለፋል። ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ የምትጠቀሙ «ሎካል ፓስኮድ» አብሩ፣ ያንን ፎልደር ያመሰጥረዋል።

ለቤት ሰው ዲፌንደር በቂ ነው፣ አፕዴት ከተደረገ። ለኦፊሱ ሊብሬኦፊስ አለ፣ በነጻ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ። የአማርኛ ኪቦርድም ከየቦታው ማውረድ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ የራሱ አለው።

ሬማ (ረቡዕ ማታ 3፡10)
ተቀብያለሁ። ግን አባቴ የዕድር ሰነድ በሙሉ በወርድ ነው የያዙት። ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል?

የዓለም ከተማዋ (ረቡዕ ማታ 3፡40)
ወርዱን ይከፍታል። የሚያስቸግረው ፎንቱ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በእኛ አገር የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው፣ እነሱ ደግሞ ከሥር የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የዕድሩ ደንብ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይታያል። ሰው ይሄን ሲያይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋል። አልተበላሸም። ድሮ የተጻፈበት ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና ቢያንስ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፣ ከቻላችሁ በአዲስ መልክ በዩኒኮድ አስጽፉት። የዕድር መዝገብ የስንት ቤተሰብ ታሪክ ነው።

የመንዝ ባና (ሐሙስ ጠዋት 1፡30)
ቪዲዮውን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ልትገለብጠው ካሰብክ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ መሐል ሜዳ ነኝ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጫፉም ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህ አምራቾቹ የሥራ ከፍታ ጣሪያ ይጽፋሉ፣ በተለመዱት ላይ 3,048 ሜትር ነው። እኛ ጋ ከ3,000 በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ስለሆነ አክስትህ ከጣሪያው በታች ናቸው፣ ብዙም ግን አይርቁም። መንዝ ላላችሁ ኤስኤስዲ ግዙ፤ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም።

ብርዱም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን ቤት ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ከመሰካታችሁ በፊት የቤቱን ሙቀት ይልመድ። ከውጭ ቀዝቅዞ የገባውንም ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ወዲያው አታብሩት፣ እንፋሎቱ ውስጡ ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል።

ቀወት (ሐሙስ ጠዋት 2፡00)
እኛ ቆላዎቹ ደግሞ በሙቀትና በአቧራ ነው የምንቸገረው። ደጋም ቆላም የሚያጠፋው አንድ ልማድ ግን አልጋ ላይ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጡ ነው። ከሥር ያለው የአየር መግቢያ ይታፈናል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ከሌለ ጣውላ ላይ።

ጠጋኝ ዘደብረ ብርሃን (ሐሙስ ማታ 1፡20)
ስለ መዘግየቱ ማንም አልመለሰም። 4 ጂቢ ራምና ሃርድ ዲስክ ከሆነ ችግሩ ዕድሜው ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፣ ራሙን 8 ጂቢ አድርጉ፤ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በብዙ ይቀንሳል።

ዊንዶውስ 10 ግን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። መሥራቱን አያቆምም፣ አዲስ ለሚገኝ ቀዳዳ መድፈኛ መምጣቱ ነው የሚቀረው። ለቤት ተጠቃሚ ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት ይሰጣል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያደርግ ያለክፍያ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መመዝገቢያው ይታያል። 6ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር በዊንዶውስ 11 መስፈርት ውስጥ የለም፤ ኢንቴል ከ8ኛ ጀምሮ ነው። በግድ የሚጭኑ አሉ፣ ለአክስትህ አልመክርም። ጊዜው ሲያልቅ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ሚንት መጫን ይቻላል። ዩቲዩብ፣ ኢሜይልና ሊብሬኦፊስ ለሚጠቀም ሰው ከበቂ በላይ ነው።

የጠባሴው (ሐሙስ ማታ 2፡00)
ዕድሜ ይስጣችሁ። አንድ የቀረኝ፦ የኢንተርኔት ፓኬጃቸው ቶሎ ያልቃል። መዝሙርና ስብከት ነው የሚከታተሉት፣ ያን ያህል አይደለም።

ኤፍራታ (ሐሙስ ማታ 2፡30)
ቴሌግራም «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ አውቶማቲክ ዳውንሎዱን አጥፉ፤ የየቻናሉ ቪዲዮ ሳይነካ ራሱን ያወርዳል። ለስብከት ዩቲዩብ 144 ወይም 240 ላይ ይበቃል፣ ድምፁ ነው የሚፈለገው። ላፕቶፑ ከስልካቸው ዋይፋይ ሲወስድ ደግሞ «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት፤ ካለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴቱን አውርዶ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። አፕዴቱን ግን ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስዳችሁ በየወሩ አድርጉለት።

የጠባሴው (ቅዳሜ ማታ 3፡15)
ቪዲዮው ተገኘ! ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነበር፣ ቀወት እንዳልከው። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዩት። ጂሜይሉ ላይ የማናውቀው ቁጥር ነበር፣ አውጥተን የእሳቸውን አስገባን፣ 10ሩንም ኮድ በእጃቸው ጻፉት። አሁን ቪዲዮውን አዲስ ፍላሽ ላይ አድርጌ ላስቀምጥላቸው ነው።

የመንዝ ባና (ቅዳሜ ማታ 3፡40)
እንኳን ደስ ያላችሁ። ፍላሽ ብቻውን ግን ለማስቀመጫ አይሆንም። ፍላሽም ኤስኤስዲም ያለ ኤሌክትሪክ ዓመታት ከተቀመጡ የያዙትን ቀስ በቀስ ይለቃሉ። አንዱን ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱን ፍላሹ ላይ፣ አንዱን ሸዋ ሮቢት ላለው የአጎትህ ልጅ ስጠው፤ ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ሦስቱ አንድ ላይ አይጠፉም። በየዓመቱ ለተዝካሩ ቀን ስትሰበሰቡ ሦስቱንም ክፈቷቸው፣ የማይከፈተውን ከሚከፈተው ላይ ቅዱት።